ፎርሙላ ዋን አፍሪካ ቢመጣ ወግዲ ምን ያገኛል?

ባለፈው እሑድ ምሽት ስልኬ በቴሌግራም መልእክት ተጨናነቀ። ላኪው የአክስቴ ልጅ ነው። ወግዲ፣ ማኅደረ ሰላም ከተማ ውስጥ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ኔትወርክ ሲጠፋ ለሳምንታት ድምፁ አይሰማም፤ ሲመለስ ደግሞ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንዴ ይለቀዋል። የአሁኑ ጭነት ከሞላ ጎደል የፎርሙላ ዋን ቪዲዮ ነበር። ሃሚልተን ሲያልፍ፣ ቨርስታፐን ሲታጠፍ፣ አራት ጎማ በሁለትና ሦስት ሴኮንድ ሲቀየር። ከሁሉም በታች አንዲት ጥያቄ ተቀምጣለች፦ «ወንድም ጋሼ፣ ሩዋንዳ ልታዘጋጅ ነው አሉ። እኛ አገርስ መቼ ነው? ወግዲ እኮ ሜዳው ሞልቷል!»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልሆነልኝም። ልጁ የጠየቀኝ ስለ መኪና ብቻ አይደለም። «ዓለም የሚያየው ነገር እኛ ጋ የሚደርሰው መቼ ነው?» ማለቱ ነው። ስለዚህ በሁለት መስመር መልሼ ከምገላገለው፣ ለሱም ለእናንተም በሰፊው ልጻፈው አልኩ።

በቅድሚያ ወሬውን እናጥራ። ፎርሙላ ዋን አፍሪካ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1993 ደቡብ አፍሪካ፣ ካያላሚ ላይ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ውጭ ደግሞ በ1958 አንድ ጊዜ ሞሮኮ አዘጋጅታ ነበር፤ አለቀ። የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2024) ኪጋሊ ላይ በተደረገው የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ሥነ ሥርዓት አገራቸው ውድድሩን ለማምጣት እንደምትፈልግ በይፋ ተናግረዋል። ደቡብ አፍሪካም ካያላሚን አድሳ ለመመለስ እየሠራች ነው። ማለትም ወሬው የቲክቶክ ብቻ አይደለም፤ መሠረት አለው።

አሁን ወደ ወግዲ። ለማታውቁት፣ ወግዲ የደቡብ ወሎ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ነው። ደጋው ተዘርግቶ ተዘርግቶ ድንገት ያልቅና መሬቱ ወደ ዓባይ ይወድቃል። ከማዶ ጎጃም ነው። ጎረቤቱ ቦረና ነው፤ ከተማው መካነ ሰላም። ከዚያ አለፍ ሲል ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የደንቆሮ ጫካ አለ። ያደግኩት ለጥምቀት ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳ ዳር ነው። ጉግስ ሲጀመር ክርስቲያኑም እስላሙም ዳር ቆሞ የየሰፈሩን ፈረስ ይደግፍ ነበር። የአክስቴ ልጅ «ሜዳው ሞልቷል» ሲል እሱን ሜዳ ማለቱ ነው።

መልክዓ ምድሩ የሚያፈዝ ነው። እንጀራው ግን ስስ ነው። መሬት ጠቧል፤ ወጣቱ ወይ አዲስ አበባ ወይ ዐረብ አገር ያስባል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ መንገድና ኔትወርክ እንደ ዝናብ የሚጠበቁ ነገሮች ሆነዋል። እንዲህ ያለ ደጋ ላይ የውድድር መንገድ መገንባት ያስቃል ትሉ ይሆናል። ሆኖም ዓለም ላይ ዝነኛው የመኪና ውድድር መንገድ የተሠራው ልክ እንዲህ ባለ ደጋ ላይ ነው።

የድሃው ደጋ መንገድ

ስሙ ኑርበርግሪንግ ይባላል። የመኪና ጌም የተጫወታችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በስልካችሁ ላይ የነዳችሁት ያ በጫካ ውስጥ የሚጠማዘዝ ማለቂያ የሌለው መንገድ እሱ ነው። ያለው ምዕራብ ጀርመን፣ አይፈል በሚባል ደጋ ላይ ነው። ጨዋታው የማይነግራችሁ ግን ለምን እዚያ እንደተሠራ ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት አይፈል ጀርመኖች ራሳቸው «የፕሩሲያ ሳይቤሪያ» እያሉ የሚያላግጡበት አገር ነበር። ብርድ፣ ጭጋግ፣ ስስ አፈር። ገበሬው አጃና ድንች ይዘራል፤ አይበቃውም። ልጆቹ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ወይም ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሥራ አጡ በረከተ። በዚህ ጊዜ የአዴናው አውራጃ አስተዳዳሪ የነበሩት ኦቶ ክሮይትዝ አንድ ሐሳብ ይዘው ተነሡ። የመኪና ውድድር በዚያ ዘመን በመንደር መሃል፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ነበር የሚካሄደው፤ ሰው ይሞታል። ለምን ለብቻው የሆነ መንገድ በእኛ ተራራ ላይ አንሠራም? ሥራ አጡም ሥራ ያገኛል አሉ። የያኔው የኮሎኝ ከንቲባ፣ በኋላ የምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያው መራሔ መንግሥት የሆኑት ኮንራድ አደናወርም ደገፏቸው።

ሥራው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1925 ተጀመረ። ከ2,000 በላይ ሰው በአካፋና በዶማ ወጣ። መንገዱ በሰኔ 1927 ተመረቀ፤ የመጀመሪያውን የመኪና ውድድር ሩዶልፍ ካራቺዮላ በመርሴዲስ አሸነፈ። በድምሩ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዝነኛው ሰሜናዊ ክፍል ብቻውን 22.8 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ዛሬ 20.8 ነው። የኑርቡርግን የጥንት ግንብ ፍርስራሽ ይዞራል፣ ጫካ ውስጥ ይገባል፣ መንደር አጠገብ ይወጣል። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ቦታ 300 ሜትር ያህል ልዩነት አለው። ተራራውን አልደለደሉትም፤ መንገዱ ነው ለተራራው የታጠፈው።

የእኛ አካባቢ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ግማሹን ያውቀዋል። እኛም በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ አካፋና ዶማ ይዘን እንወጣለን፤ የተፋሰስ ሥራ ይባላል። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ብዙ ድርቅ የሚያጠቃቸው ወረዳዎች በሴፍቲኔት፣ ሥራ ሠርቶ እህል ወይም ገንዘብ መቀበልን ለምደዋል። ስለዚህ ሥራ አጥን በአካፋ ማብላት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ አካፋው ሥራውን ሲጨርስ ጥሎት የሚሄደው ነገር ላይ ነው። እርከን አፈር ይይዛል፤ እሰየው፣ ያለሱ ደጋው ባዶ ድንጋይ ይሆን ነበር። ገበያ ግን አይጠራም። የአይፈሉ መንገድ ገበያ ጠራ።

የጠራበት መንገድ ደግሞ ውድድር ብቻ አይደለም። ከተመረቀበት ዓመት ጀምሮ ማንኛውም ሰው ከፍሎ በራሱ መኪና እንዲነዳበት ተፈቅዷል። ዛሬም ከፍላችሁ አንድ ዙር መዞር ትችላላችሁ። በዚህ ምክንያት መንገዱ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚሠራ መድረክ አልሆነም። ነጂው ያድራል፣ ይበላል፣ ጎማው ይፈነዳል፣ ፍሬኑ ያልቃል። ፔንሲዮኑ፣ ጋራዡ፣ ጎሚስታው፣ መኪና አከራዩ የዚያው አካባቢ ሰው ነው። የመኪና ፋብሪካዎችም አዲስ ሞዴል የሚፈትኑት እዚያ ስለሆነ በዙሪያው የሙከራ ጣቢያ ከፍተዋል። በየዓመቱ የሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ደግሞ በቅርብ ዓመታት ከ200 ሺህ በላይ ተመልካች እየሳበ ነው። የኑርቡርግ መንደር ነዋሪ ግን ጥቂት መቶ እንኳ በቅጡ አይሞላም።

መልክዓ ምድሩ ሲበቀል

ታሪኩ ሁሉ ማር ነው እያልኩ አይደለም። መንገዱ ሲሠራ ወጪው ከታቀደው በብዙ እጥፍ አሻቅቧል። ያ የሚያምር ጫካና ጭጋግም ሰው በልቷል። ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት በ1968 በዝናብና በጭጋግ ውስጥ ከአራት ደቂቃ በሚበልጥ ልዩነት ካሸነፈ በኋላ «አረንጓዴው ሲኦል» ብሎ ሰየመው። በነሐሴ 1976 ኒኪ ላውዳ መኪናው ተጋጭታ በእሳት ተያያዘች፤ እሱን ጎትተው ያወጡት ከኋላው የመጡ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የጫካ መንገድ ላይ ለየኩርባው አምቡላንስና የእሳት አደጋ ሠራተኛ ማቆም አይቻልም ነበር፤ ካሜራም እንደዚያው። ፎርሙላ ዋን ከዚያ ወዲህ ወደ አሮጌው መንገድ አልተመለሰም። በ1984 አጠገቡ አጭርና ዘመናዊ መንገድ ተሠራ።

ዋናው ትምህርት ግን ከ2009 ታሪክ ነው የሚገኘው። የራይንላንድ ፋልዝ ክፍለ ግዛት መንግሥት «ውድድር ብቻውን አይበቃም፣ ዓመቱን ሙሉ ጎብኚ የሚያመጣ ነገር እንጨምር» አለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የተሠራው ግን የገበያ አዳራሽ፣ ሆቴል፣ የመዝናኛ ማዕከልና በዓለም ፈጣኑ ይሆናል የተባለ የሮለር ኮስተር ባቡር ነበር። ወጪው 330 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ። ይመጣል የተባለው የግል ባለሀብት ገንዘብ ሳይመጣ ቀረ፤ የክፍለ ግዛቱ የገንዘብ ሚኒስትር በዚያው በ2009 ሥልጣን ለቀቀ፣ በኋላም ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈረደበት። ባቡሩ ተከፍቶ የሠራው በ2013 ለአራት ቀን ብቻ ነው። አራት ቀን! ድርጅቱ በ2012 ከሠረ፤ በ2014 ወጪው ከተባለው ገንዘብ በጣም ባነሰ ዋጋ፣ በ77 ሚሊዮን ዩሮ ስምምነት ለግል ባለሀብት ተሸጠ።

አንድ ልብ የምትሉት ነገር አለ። አካፋ ይዘው የወጡ ሥራ አጦች የሠሩት መንገድ ከመቶ ዓመት በኋላም እንጀራ ያወጣል። በብዙ መቶ ሚሊዮን የተሠራው ባቡር አራት ቀን ነው የሠራው። አንደኛው የተነሣው ከመሬቱና ከሰዉ ነው፤ ሌላኛው ከስላይድ ላይ።

በሐምሌ 2021 ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከኑርበርግሪንግ ብዙም በማይርቀው የአር ወንዝ ሸለቆ ጎርፍ ወርዶ ከ130 በላይ ሰው ገደለ። ያን ጊዜ ሰፊው የውድድር ግቢ የነፍስ አድን ሠራተኞች ማደሪያ፣ የእርዳታ ዕቃ ማከማቻ ሆነ። ሰፊ ሜዳና ደህና መንገድ ለክፉ ቀንም ይሆናል ማለት ነው።

እኛስ?

መንገድ ለመሥራት ተራራ መውጣት ለወሎ አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ያደረሱት በየገደሉ መንገድ እያስጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ነው። ወራት ፈጀባቸው። ያን መንገድ የእንግሊዝ መኮንኖች ሳይቀሩ አድንቀዋል። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። መንገዱ ግን የተሠራው አንድ ከባድ ነገር አንድ ጊዜ ለማሳለፍ ስለነበር፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ገበሬውን ገበያ የሚያደርስ ሆኖ አልቀጠለም። ልቤን የሚነካው ይኸ ነው። ለአንድ ትልቅ ቀን የተሠራ መንገድ ከቀኑ ጋር ያልፋል።

የመኪና ውድድርም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአብዮቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር በደጋው መንገዶች ላይ ይካሄድ ነበር። ዛሬ «ሃይላንድ» ሲባል ትዝ የሚለን የውኃ ፕላስቲክ ነው። የአክስቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ቤንዚን የሚለካበት።

ጎረቤታችን ኬንያ ግን የራሷን አላጠፋችም። ሳፋሪ ራሊ በ1953 ተጀመረ፤ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ፤ በ2021 ናይቫሻ ላይ ተመለሰ። ራሊ ደግሞ ከፎርሙላ ዋን ይለያል። የሚፈልገው ያለውን መንገድ ነው፦ አቧራውን፣ ጭቃውን፣ ድንጋዩን። አገሩ ራሱ ሜዳው ነው። ፎርሙላ ዋን ለማዘጋጀት ግን ሙሉ ዘመናዊ መንገድ ከመገንባት ሌላ በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለባለመብቱ ይከፈላል። ከዚህ ውስጥ ለአካባቢው ጎሚስታ የሚደርሰው ስንት ነው? ውድድሩ በሦስት ቀን ያልቃል፣ መካኒኩም ጎማውም ምግብ አብሳዩም አብሮ ተጭኖ ይሄዳል። ሩዋንዳ ይህን ስሌት ሠርታ የሚያዋጣት ከሆነ እሰየው፤ ስሟን ለዓለም መሸጥ ከጀመረች ቆይታለች። ለእኛ ግን ዛሬ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

ነገሩ የመኪና ብቻ ስላልሆነ ነው ይህን ሁሉ ያመጣሁት። አገራችን አሁን የቱሪዝም ግንባታ ላይ ናት። ጎርጎራ፣ ወንጪ፣ ኮይሻ፤ «ገበታ ለሀገር» ተብለው ብዙ ገንዘብ ፈሶባቸዋል። እነዚህ ቦታዎች ውብ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ጥያቄዬ ኑርበርግሪንግ የሚያስነሣው ጥያቄ ነው፦ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ምን ያገኛል? ነገ ወይ ከነገ ወዲያ አንድ ባለሥልጣን የዓባይ ሸለቆን አይቶ «እዚህ ሪዞርት ይሠራ» ማለቱ አይቀርም። ያን ቀን ወግዲዎች አራት ነገር ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ ሥራው የሚሠራው በማን ነው? የአካባቢው ወጣት ከጥበቃነት የዘለለ ሥራ ይማርበታል ወይ? ሁለተኛ፣ ከምረቃው ማግሥት እኔ ልገባበት እችላለሁ ወይ? የአይፈል ገበሬ ልጅ በመንገዱ ላይ ነድቶበታል። በር ላይ ቆሞ የሚያየው ነገር ለሰው የራሱ አይሆንም። ሦስተኛ፣ እንግዳው የሚበላው፣ የሚያድረው፣ የሚያስጠግነው የት ነው? ሁሉም ነገር አጥር ውስጥ ከሆነ ለእኛ የሚቀረን አቧራው ነው። አራተኛ፣ መሬቱን ታጥፎለት ነው ወይስ ደልድሎት? ጫካውና ቀይ ቀበሮው ካለቁ እንግዳውም ምን ሊያይ ይመጣል?

እነዚህን ለመጠየቅ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሰላም ያስፈልጋል። ዛሬ መካነ ሰላም ለመሄድ የሚነሣ ሹፌር በመጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ ክፍት ነው?» ብሎ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑ በማይታወቅበት አገር ስለ ውድድር መንገድ ማውራት ሙሽራ ሳይኖር ድንኳን መትከል ነው። የታመመ ሰው ሆስፒታል፣ የደረሰ እህል ገበያ፣ ተማሪ መካነ ሰላም ካምፓስ የሚያደርሰው መንገድ ይቅደም። የኑርበርግሪንግም ምሥጢር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ማንኛውም ሰው ሊሄድበት የሚችል መንገድ ስለሆነ ነው መቶ ዓመት የቆየው።

እስከዚያው ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ጉግሱ አለን፤ ሜዳውም ፈረሱም ታዳሚውም የራሳችን ነው። ሰላም ሲሆን ጥምቀትን ለማየት ለሚመጣ እንግዳ ቤቱን አጽድቶ አልጋ የሚያከራይ፣ ፈረስ የሚያከራይ፣ እስከ ዓባይ አፋፍ የሚመራ ወጣት ቢደራጅ፣ ለዚህ 330 ሚሊዮን ዩሮ አያስፈልግም። ሩጫም አለ፤ በዚህ ከፍታ ላይ የአገር አቋራጭ ሩጫ ማዘጋጀት የሚጠይቀው ከአስፋልት ይልቅ አስተባባሪ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች የሚወድቅ ሸለቆ ያለው ሰው 300 ሜትር ይዞ ዓለምን በጠራው አይፈል መቅናት የለበትም።

ይህን ሁሉ በአጭሩ አድርጌ ለአክስቴ ልጅ በድምፅ ላክሁለት። ሁለት ቀን ዝም አለ። ኔትወርክ ይሁን ኩርፊያ አላወቅኩም። በሦስተኛው ቀን መለሰ፦

«ገባኝ ወንድም ጋሼ። ግን ያ የጀርመኑ መንገድ ላይ ጎማ የሚፈነዳው ሰው ብዙ ነው አልክ አይደል? ለጥምቀት መንገዱ ከተከፈተ እኔም ከሜዳው አጠገብ አንድ ኮምፕሬሰር ልተክል ነው። አንተ ግማሹን ታዋጣለህ።»

አዋጣለሁ።